እናታችንን ለባዕድ ቤት አሳልፈን እንስጥ?

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን የምኖር የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ትውልዳችን መንዝ፣ ሞላሌ አካባቢ ነው። እናታችን 78 ዓመታቸው ነው፤ ፊደል አልቆጠሩም። ታናሽ እህቴ ሲያትል ስትወልድ ሊያርሷት ሄደው እዚያው ቀሩ፤ ልጆቿንም ያሳደጉላት እሳቸው ናቸው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ መርሳት ጀመሩ። ምድጃ ለኩሰው ይተዋሉ። አንድ ሌሊት ነጠላቸውን ተከናንበው ከቤት ወጥተው ፖሊስ መንገድ ላይ አገኛቸው፤ «ሞላሌ ገበያ ልደርስ ነው» ይሉ ነበር አሉ። እህቴ የምትተዳደረው ሌሊት ሌሊት አረጋውያንን በመንከባከብ ነው። አሁን «አልቻልኩም፤ መንከባከቢያ ቤት ላስገባቸው ነው» አለች። ሞላሌ ያሉት ታላቅ ወንድማችን ደግሞ «ልጅ እያላቸው ለፈረንጅ ተጣሉ ከሚባል አምጧቸው፤ እኔ ቤት ይሙቱ» ብለው ተቆጥተዋል። ሁለቱ መነጋገር አቁመዋል። እኔ መሃል ላይ ቀረሁ። ማንን ልደግፍ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሳላድበሰብስ ልመልስልዎ፤ እህትዎን ይደግፉ። ሲደግፏት ግን አንድ ነገር አጥብቀው ይለምኗት፦ እናትዎ የሚገቡበት ቤት ውስጥ በአማርኛ የሚያናግራቸው ሰው ይኑር። ከቤቱ ስፋትም፣ ከአልጋው ምቾትም፣ ከግቢው ውበትም በፊት ይህ ይቅደም።

የጋሼን ቁጣ ቀላል አድርጌ አላየውም። እኛ ሀገር የአረጋውያን ቤት ሲባል ቶሎ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው መቄዶንያ ነው፤ ጎዳና ላይ የወደቁ፣ ወገን የሌላቸው ሰዎች ተነስተው የሚታጠቡበትና የሚጎርሱበት ቤት። ሥራው የተቀደሰ ነው። ወልዶ ያሳደገ ሰው እንዲህ ያለ ቤት ሲገባ ግን «ልጆቹ ምን ነካቸው?» መባሉ አይቀርም። ልጅ የሚወለደው ጧሪ ቀባሪ እንዲሆን ነው ብሎ ላደገ ሰው የእህትዎ ቃል ጆሮ የሚያቃጥል ነው። ስለዚህ ጋሼን «ኋላ ቀር» ብሎ የሚናገራቸው ካለ ይገሥጹልኝ።

ነገር ግን አንድ ጥያቄ ይጠይቋቸው። እናታችሁ ሞላሌ ቢመጡ ማን ያጥባቸዋል? ሌሊት ሦስት ጊዜ ሲነሱ ማን አብሮ ይነሳል? ልብሳቸው ሲርስ ማን ይለውጥላቸዋል? ጋሼ እርሻ ላይ ይውላሉ። ወንድ ልጅም እናቱን አያጥብም። ሥራው ባለቤታቸው ላይ፣ ከባለቤታቸውም አልፎ በቤቱ ውስጥ ባለች አንዲት የ13 ወይም የ14 ዓመት ልጅ ላይ ይወድቃል። በእንዲህ ዓይነት ቤቶች አያትን የምትጠብቀው ልጅ መጀመሪያ ከትምህርት ቤት ማርፈድ፣ ቀጥላም መቅረት ትጀምራለች፤ ማንም «አስቀረናት» ሳይል ትቀራለች። የመርሳት ሕመም በወራት የሚያበቃ አይደለም፤ ዓመታት ይወስዳል፣ እየከበደም ይሄዳል። ጋሼ «እኔ ቤት» ሲሉ ይህችን ልጅ ቆጥረዋታል ወይ?

ደጋውም አለ። የመንዝ አምባ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ለዓመታት ባሕር ዳርቻ ከተማ ውስጥ ለኖሩ፣ ምናልባትም ልብ ወይም ሳንባ ለሚያማቸው ሴት አየሩም ብርዱም ይከብዳል። የነርቭ ሐኪም ቢፈለግ አዲስ አበባ መውረድ ነው፤ መንገዱም በእነዚህ ዓመታት መቼ ክፍት መቼ ዝግ እንደሚሆን እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። እናትዎ ኤስ ኤስ አይ የሚባለውን የአሜሪካ መንግሥት ድጎማ የሚያገኙ ከሆነ፣ ከሀገሪቱ ውጭ 30 ተከታታይ ቀን እንደቆዩ ይቋረጣል። ዜግነት ካላገኙና በመኖሪያ ፈቃድ ብቻ ከሆኑ ደግሞ፣ የመመለሻ ፈቃድ ሳያወጡ ከአንድ ዓመት በላይ ከቆዩ ፈቃዱን ሊያጡት ይችላሉ። ማለትም «እስኪ እንሞክረው፤ ካልሆነ ይመለሳሉ» ማለት ቀላል አይደለም።

ከሁሉ በላይ ግን ይህን ልብ ይበሉ። እናትዎ በዚያ ሌሊት የሚሄዱባት ሞላሌ የዛሬዋ ሞላሌ አይደለችም። የመርሳት ሕመም የቅርቡን እየሸረሸረ የሩቁን ይተዋል፤ ስለዚህ የሚፈልጓት እናታቸው ያሉባት፣ እሳቸው ልጃገረድ ሆነው እህል ጭነው የወጡባት ሞላሌ ናት። ዛሬ ወስደው ገበያው መሃል ቢያቆሟቸው «ወደ ቤቴ ውሰዱኝ» ማለታቸው አይቀርም። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሰውን የሚያረጋጋው ቦታው ሳይሆን የሚያውቀው ድምፅ፣ የሚያውቀው ሽታና የለመደው ሰላምታ ነው። ይህ ደግሞ ሲያትልም ውስጥ ሊገኝ ይችላል።

ቤት ከመፈለጉ በፊት ግን በደንብ መመርመር አለባቸው። መርሳት ሁሉ የመርሳት ሕመም አይደለም። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት (የእንስሳት ተዋጽኦ ሳይቀምሱ ለሚጾሙ ሰዎች ያሰጋል)፣ የእንቅርት ዕጢ መታወክ፣ ድብርት፣ የመድኃኒቶች መደራረብ፣ በአረጋውያን ላይ ደግሞ ተራ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሳይቀር አእምሮን ያደናግራሉ፤ እነዚህ ደግሞ ይታከማሉ። የጆሮ መድከምና የዓይን ሞራም ሰውን የረሳ ያስመስሉታል። ምርመራውም በባለሙያ አስተርጓሚ ይሁን። የ1964ቱ የአሜሪካ የሲቪል መብቶች ሕግ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ተቋም ሰውን በትውልድ ሀገሩ ምክንያት እንዳይበድል ይከለክላል፤ ከዚህም የተነሳ ሆስፒታሉ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ ማቅረብ አለበት። የልጅ ልጅ እንዲያስተረጉም አይደረግ። አያት በልጅ ልጃቸው ፊት ሽንቴን መቆጣጠር አቃተኝ አይሉም።

መመርመሪያው ራሱ በእናትዎ ልክ የተሰፋ አይደለም። የማስታወስ ፈተናው ዓመቱን፣ ወሩን፣ ቀኑን ይጠይቃል፤ ሰዓት ሥሉ ይላል። እናትዎ ኖቬምበር 21 ቀን ሐኪም ፊት ተቀምጠው «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ተብለው «ዛሬማ ኅዳር ሚካኤል ነው» ቢሉ ልክ ናቸው። ዓመቱን ሲጠየቁ የእኛን ዓመተ ምሕረት ቢናገሩም፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው ቢሉም ልክ ናቸው። የማያውቅ መርማሪ ግን ሦስቱንም «ስህተት» ብሎ ይሞላል። እርሳስ ጨብጠው የማያውቁ እጆችም ሰዓት መሣል ቢያቅታቸው ስለ አእምሯቸው ብዙ አይናገርም። እህትዎ ይህን ለሐኪሙ አስቀድማ ትንገረው።

አሁን ወደ ቤቱ እንምጣ። በመርሳት ሕመም የተያዘ ሰው ብዙ ጊዜ በትልቅነቱ የለመደውን ቋንቋ አስቀድሞ ያጣል፤ በልጅነት የተናገረው ይቆያል። እናትዎ በቆይታቸው የለቃቀሟት ጥቂት እንግሊዝኛ ብትኖር እሷ ትሄዳለች። እንግዲህ አማርኛ የሚያውቅ የሌለበት ቤት ውስጥ ሌሊት በረደኝ ብለው ይጣራሉ እንበል። ሠራተኛዋ የምትሰማው ጩኸት ነው። ደግመው ይጮኻሉ። ልታስተኛቸው ስትይዛቸው ይገፏታል። መዝገብ ላይ «ሌሊት ይረበሻሉ፤ ይማታሉ» ተብሎ ይጻፋል፤ በሳምንቱ የማረጋጊያ መድኃኒት ይታዘዛል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን የመርሳት ሕመም ላለባቸው አረጋውያን የሚሰጡ አንዳንድ የሥነ አእምሮ መድኃኒቶች የሞት አደጋን እንደሚጨምሩ እ.ኤ.አ. በ2005 አስጠንቅቋል። አንድ ጋቢ ይበቃቸው የነበሩ ሴት እንዲህ ሆነው ደንዝዘው ወንበር ላይ ይውላሉ። እህትዎን «በአማርኛ የሚያናግራቸው ይኑር» ብለው ይለምኗት ያልኩዎ ለዚህ ነው።

ይህ የእኛ ሰው ብቻ ጭንቀት አይደለም። በዚያው በሲያትል ጃፓናውያን ለወላጆቻቸው እ.ኤ.አ. በ1976 የራሳቸውን ቤት ከፍተዋል፤ ቻይናውያኑም በ1987። በቶሮንቶ ቻይናውያን በ1994 የከፈቱት ዪ ሆንግ ዛሬ ትልቅ ተቋም ነው። በርሊን ውስጥ በ2006 ለቱርክ ስደተኞች የመንከባከቢያ ቤት ሲከፈት መጀመሪያ አልጋዎቹን መሙላት ቸግሮት ነበር፤ ልጆቹ «ሰው ምን ይለናል» እያሉ ወላጆቻቸውን ማስገባት አፈሩ። ጋሼ ይህን ቢሰሙ ደስ ይለኛል፤ ስሜታቸውን የሚጋሩ ሩቅ ሀገርም አሉ። እንዲህ ያለው ቤት ሁልጊዜ አይጸናም፤ የሲያትሉ የጃፓናውያን ቤት በ2019 ተዘግቷል። ገንዘብና ሠራተኛ ይፈልጋል። የእኛ ሰው ወደ አሜሪካ በብዛት መግባት የጀመረው ከ1980ው የስደተኞች ሕግ ወዲህ ነውና ስለ አረጋውያን በማኅበር ማሰብ የጀመርነው ዘግይተን ነው።

ሲያትል መሆናቸው ግን ዕድል ነው። በዋሽንግተን ግዛት አዳልት ፋሚሊ ሆም የሚባሉ ፈቃድ ያላቸው ትንንሽ ቤቶች አሉ። ሰፈር ውስጥ ያለ ተራ መኖሪያ ቤት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 6 ሰው፣ በልዩ ፈቃድ ደግሞ እስከ 8 ሰው ብቻ ይይዛል። ከባለቤቶቹና ከሠራተኞቹ መካከል ሐበሾች ብዙ ናቸው። እህትዎ በዚሁ ሥራ ላይ ስላለች የማን ቤት እንዴት እንደሆነ የምትጠይቃቸው ሰዎች አታጣም። ጥያቄዋም «ሐበሻ ይሠራል ወይ?» ብቻ መሆን የለበትም፤ ቀን አማርኛ ተናጋሪ ኖሮ ሌሊት ከሌለ ችግሩ አልተፈታም። ሳታስታውቅ በምሳ ሰዓት ትሂድ፤ ሌላ ቀን ደግሞ ሲመሽ ትሂድ። ማን ያጎርሳል? ቴሌቪዥኑ የተከፈተው ለማን ነው? አረጋውያኑ በስማቸው ይጠራሉ ወይ? የግዛቱ የማኅበራዊና የጤና አገልግሎት መሥሪያ ቤት የእያንዳንዱን ቤት የቁጥጥር ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት ስላደረገ እሱንም ታንብበው። ባለቤቱ የሀገር ልጅ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ በሀገር ልጅ ስም ሰው የሚበድልም አለ።

በሚጻፈው የእንክብካቤ ዕቅድ ላይ አራት ነገር በግልጽ ይግባ። የመጀመሪያው፣ የምታጥባቸው ሴት ትሁን። መንዝ ያደጉ የ78 ዓመት ሴት ወንድ ልብሳቸውን ሲያወልቅ ቢማቱ ጤነኛ ናቸው። ሁለተኛው ጾም ነው። ረቡዕና ዓርብን ቢረሱም እንኳ ሁዳዴ መሆኑን ከሆነ ሰው ሰምተው ወተቱን ይገፋሉ፤ 55 ቀን እንዲህ ሆኖ አይዘለቅም። ለሕመምተኛና ለአረጋዊ ቤተ ክርስቲያን ፈቃድ አላት፤ ቃሉ ግን ከልጃቸው ሳይሆን ከነፍስ አባታቸው ይምጣ። ካህኑ ራሳቸው በስልክም ቢሆን «እናቴ፣ ፈትቼዎታለሁ፤ ይብሉ» ይበሏቸው፤ ሠራተኛዋም ወተቱን ስታቀርብ «አባ ፈቅደዋል» ትበል። ሦስተኛው፣ ንጋት ላይ ተነስተው ቢያማትቡና ቢሰግዱ የእንቅልፍ መታወክ ተብሎ እንዳይመዘገብ። ይልቅ እንዳይወድቁ ወንበር ይቅረብላቸው። አራተኛው ምግቡ። ቆሎና ደረቅ ቂጣ በዚህ ሕመም መዋጥ ሲያስቸግር ያንቃሉ። በእንጀራ የተሠራ ለስላሳ ፍትፍት፣ አጥሚት፣ በደንብ የበሰለ ገንፎ ይሻላል። ጸበል ይዞ የሚመጣ ዘመድ ሲኖር ነርሷ ትወቅ፤ መዋጥ ያቃተው ሰው በቀጭን ፈሳሽ ይታነቃል፤ ያኔ መርጨት ወይም ግንባራቸውን ማራስ ይበቃል።

ስለ ገንዘብ አጭር ልበል። ሜዲኬር የሚባለው የአረጋውያን መድን ለረጅም ጊዜ እንክብካቤ አይከፍልም። የሚከፍለው ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች የሚውለው የመንግሥት መድን፣ ሜዲኬይድ ነው፤ ገቢና ሀብት ይታያል፤ መኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰውም በአብዛኛው የ5 ዓመት ጥበቃ ማለፍ አለበት፤ እናትዎ ልጅ አሳድገው ይህን ያለፉት ይመስለኛል። በዋሽንግተን ግዛት ሜዲኬይድ እናቷን ቤት ውስጥ ለምትንከባከብ ልጅም ደመወዝ የሚከፍልበት መንገድ አለው። እህትዎ የሌሊት ሥራዋን በከፊል ትታ በዚህ ልትኖር ትችላለች ወይ የሚለውን ከማኅበራዊ ሠራተኛ ጋር ትነጋገር። ሰው ግን ሃያ አራት ሰዓት ብቻውን አይጠብቅም። ሌሊት የሰው እናት ስታገላብጥ አድራ ቀን የራሷን እናት ስትጠብቅ የምትውል ሴት «አልቻልኩም» ካለች እመኑዋት።

እናንተ ሸዋ ያላችሁት ደግሞ ከመፍረድ የሚበልጥ ሥራ አላችሁ። እህትዎ ወጣት ሆና ስለወጣች የእናቷን የቀድሞ ኑሮ ብዙም አታውቀውም፤ ጋሼ ያውቃሉ። ጋሼ ይናገሩ፣ እርስዎ ይጻፉ፤ አንድ ገጽ ይበቃል። ሰፈር ውስጥ ማን ብለው ይጠሯቸው ነበር? በየትኛው ደብር ተሳለሙ፤ የማን ማኅበርተኛ፣ የማን ሰንበቴ ነበሩ? የሞቱባቸው ልጆች አሉ? (ይህ በጣም ያስፈልጋል፤ ስማቸውን እየጠሩ ሲያለቅሱ ሠራተኛዋ ግራ እንዳትጋባ።) ምን ያስፈራቸዋል? ውሻ ነው፣ ጨለማ ነው፣ የተዘጋ በር ነው? ቡናቸውን በጨው ነው በስኳር የሚጠጡት? ሱፍ ይፈትሉ ነበር ወይ? የመንዝ ሴት ናቸውና ፈትለው ይሆናል። ከሆነ ጥቂት የበግ ሱፍና አንድ እንዝርት ይላኩላቸው። ቃላቸው የጠፋ እጆች እንዝርት ሲይዙ ሥራቸውን ያስታውሳሉ፤ ከሰዓት በኋላ ሲጨንቃቸው ሠራተኛዋ «እማማ፣ ይህን ያሳዩኝ» ብላ የምታስይዛቸው ነገር ይኖራታል። ገጹ ላይ ደግሞ አማርኛ ለማታውቅ ተረኛ ጥቂት ቃላት በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፉ፦ ውኃ፣ በረደኝ፣ አመመኝ፣ ሽንት ቤት፣ «አይዞዎት»።

ሁለት ነገር አይዘግይ። እናትዎ አሁንም ደህና የሚሆኑባቸው ቀናት ካሉ፣ ስለ ሕክምናቸው ማን እንደሚወስን የሚገልጸውን ውክልና በእነዚያ ቀናት ይፈርሙ፤ አእምሯቸው ከደከመ በኋላ ሕጉ አይቀበለውም፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል። የት መቀበር እንደሚፈልጉም ያን ጊዜ ይጠየቁ፤ የሚጠይቋቸውም ጋሼ ይሁኑ። «ሬሳዬ ሀገሬ ይግባ» ካሉ፣ የሞላሌው እድርና የሲያትሉ ማኅበር ከአሁኑ ይነጋገሩ። ጋሼ «እኔ ቤት» ሲሉ የፈሩት ይህን ይመስለኛል፤ እናታቸው ባዕድ አፈር ላይ እንዳይቀሩባቸው። ይህ ከተረጋገጠላቸው ቁጣቸው የሚበርድ ይመስለኛል።

ለመጀመሪያው ስልክ እሁድ ማታ 1 ሰዓትን ይምረጡ። ያኔ ሲያትል ጠዋት 2 ወይም 3 ሰዓት ነው፤ እናትዎ ቁርስ በልተው አእምሯቸው ንቁ የሚሆንበት ሰዓት ነው፤ ሲመሽ ሕመሙ ይጠናባቸዋል። መጀመሪያ ጋሼ ይናገሩ። «አወቁኝ ወይ?» ብለው አይፈትኗቸው፤ ስማቸውን ተናግረው ጤናቸውን ይጠይቁ፤ ዘንድሮ ገብሱ እንዴት እንደያዘ፣ ጓሳው እንዴት እንደሰነበተ ያውሯቸው። ከእናታቸው ሲጨርሱ ስልኩ ሳይዘጋ እህትዎ ትቀበል፤ እርስዎም አጠገባቸው ይቀመጡና ጋሼ ለእሷ ሰላምታ ሳይሰጡ ስልኩን እንዳይመልሱት ይጠብቁ።